ሁለተኛውን ፈረቃ ተዪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

በ55 ዓመቴ በገዛ ፈቃዴ ጡረታ መውጣቴን ሰምተሽ፣ አባቴ ተቸገረ ብለሽ ሁለተኛ ፈረቃ መግባትሽን አክስትሽ ነገረችኝ። ተዪው። ሒሳቡን አስቀድሜ ሠርቼዋለሁ፤ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ሲታሰብ፣ የ30 ዓመት አገልግሎቴ ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዜ 55 በመቶውን ያስገኝልኛል። እስከ 60 ብቆይ የሚጨመርልኝ 6.25 በመቶ ነበር፤ ለዚያ ብዬ 5 ዓመት አልሰጥም። ቤቱ እንደሆነ የራሳችን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደከበዱኝ አልደብቅሽም። ማለዳ ከረባቴን አስሬ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ቤቱ ይጠበኝ ነበር። አሁን ኪዳን አድርሼ እመለሳለሁ፣ የጓሮውን ጎመንና ጌሾ አጠጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ የ8ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ፤ የዕድሩም መዝገብ በእጄ ነው። ደስ ብሎኛል ስልሽ እመኚኝ።

የእናትሽን ስለት ታውቂዋለሽ። አንቺ ስትወለጂ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላ ነበር። ሐምሌ 19 ሲደርስ ሰኔ 30 ያለቀው የበጀት ዓመት ሒሳብ ይዘጋል፤ ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ደግሞ የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ይጠየቃል። እኔ «ለከርሞ» እያልኋት፣ እርሷም ያለ እኔ አልሄድም እያለች፣ ጥላው ከሣጥን ሳይወጣ ሞት ቀደማት። ባለፈው ሐምሌ ጥላውን ይዤ በድሬዳዋ በኩል ሄድሁ። ካስረከብሁ በኋላ ካፊያው እየወረደብኝ ዳገቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ የሚጠብቀኝ ሥራ ስላልነበረ እስኪወጣልኝ አለቀስሁ።

ሁለተኛውን ፈረቃ ተዪው ልጄ። ለእኔ ብለሽ እንቅልፍሽን ብትሸጪ የምትልኪውን ገንዘብ አልቀበልም፤ ይህን የምልሽ ጨክኜ ነው። በረዶው ሳይጀምር የመኪናሽን ጎማ አስቀይሪ። ዓመታዊ ፈቃድሽንም ለታኅሣሥ 19 አድርጊና አብረን እንሂድ፤ እናትሽ ስለ አንቺ የተሳለችበት ደብር ነው። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ግን ለአለቃሽ በጽሑፍ አመልክቺና መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ።

አባትሽ