ማኅበር ብናቋቁምስ?

ወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስንት ጊዜ ተጠፋፋን! ደሴ ከገባህ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም፤ በጣም ናፍቀኸኛል።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የኳስ ሜዳዬን እየተንከባከብኩ ነኝ። የነሐሴን ዝናብ ታውቀዋለህ። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ። ጠዋት ስመጣ በረኛው የሚቆምበት ቦታ ኩሬ ሆኗል። ዋልካው ተረግጦ ተረግጦ ጠጥሯል፣ ውሃ አያሳልፍም። ፌሮ አሹዬ ደጋግሜ ወጋሁትና ቀዳዳዎቹን በወንዝ አሸዋ ሞላኋቸው። ከሰዓት በኋላ ውሃው ሰረገ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። አንተም እዚያ ብቻህን ስትታገል እዚሁ ላይ ደርሰህ ይሆናል።

የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ አራት ሰዎች የስፖርት ሜዳ ባለሙያዎች ማኅበር መሠረቱ። ሦስቱ እንደኛው የሜዳ ሰዎች ነበሩ፦ ጆርጅ ቶማ ከካንሳስ ሲቲ፣ ዲክ ኤሪክሰን ከሚኒሶታ፣ ሃሪ ጊል ከሚልዋኪ። ቡድኖቻቸው እርስ በርስ ይፋለማሉ፤ እነሱ ግን አንድ ላይ ተቀመጡ። ቶማ ከመጀመሪያው ሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል የዋንጫ ፍጻሜ)፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ፣ ለዚያ ጨዋታ ከ50 ዓመት በላይ ሜዳ ያዘጋጀ ሰው ነው።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ አራተኛው ነው፤ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው የሣር ተመራማሪ ዶክተር ዊሊያም ዳንኤል። ሣሩን አሸዋ ላይ አብቅሎ፣ ከሥሩ ቱቦ ዘርግቶ፣ ዝናብ ሲበዛ ውሃውን በፓምፕ የሚስብ ሜዳ ቀየሰ። አየህ፣ እኛ በፌሮ የምንለፋበትን ነገር ምሁሩ ከሜዳ ሰዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገርበት ነበር። እኛም ከተማችን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ የግብርና መምህራን አሉ። ማን አገናኘን? የእንግሊዝ የሜዳ ሰዎችማ እ.ኤ.አ. በ1934 ነው የተደራጁት።

ህዳር 2012 ዓ.ም. እዚህ ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስንረታ ከተማው በደስታ ሰከረ። ተጫዋቾቹ ይገባቸዋል። ሣሩን ለዚያ ቀን ያደረሱትን ሰዎች ግን ስማቸውን የጠየቀ አልሰማሁም። ይህ ያንገበግበኛል። ሥራችን ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ ማኅበር ይፈልጋል።

ከጎንደርም ከደብረ ማርቆስም የምታውቃቸው የሜዳ ሠራተኞች ካሉ ስልካቸውን ላክልኝ። ለመስቀል ና፤ ቤታችን እዚያው ሽምብጥ ነው፣ የጣና ዓሣ እንበላለን። ስትመጣ ከሜዳህ ትንሽ አፈር በፌስታል ያዝልኝ፣ ከእኔ ዋልካ ጎን አድርገን ውሃ እናፍስበት።

ወንድምህ