ባትሪን ከማዕድኑ ባሻገር በአሠራሩም እንመዝነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችና ስለ አዳዲስ ባትሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ጽሑፉ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የባትሪን መሻሻል ሁሉ ከማዕድን ዓይነት ጋር ብቻ በማያያዙ፣ ቢቸና ከተማ ውስጥ የፀሐይ መብራትና የእጅ ባትሪ እየጠገንሁ ለምኖር ለእኔ ዋናው ነገር ሳይነካ ቀርቷል። ይኸውም ባትሪው ፋብሪካ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

እየተሞላ የሚሠራው የሊትየም አዮን ባትሪ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ አማካይነት ነው። ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ የተባለው ተቋም በየዓመቱ በሚያወጣው ዳሰሳ መሠረት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኃይል የሚይዝ ባትሪ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ1,000 ዶላር በላይ የነበረ ሲሆን በ2024 ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ለዚህ ቅናሽ የማዕድን ቅይጡ መሻሻል የራሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ የማምረቻው ድርሻ ግን በጽሑፋችሁ ጭራሽ አልተነሣም።

በተለመደው አሠራር የባትሪው አዎንታዊ (ፕላስ) ጎን የሚሠራበት ዱቄት ከማጣበቂያና ኤንኤምፒ ከሚባል ፈሳሽ ጋር ተለውሶ፣ እንደ ቀጭን ሊጥ ስስ በሆነ የአሉሚኒየም ቅጠል ላይ ይቀባል፤ ከዚያም ርዝመቱ በአሥር ሜትሮች በሚቆጠር ምድጃ ውስጥ እያለፈ ይደርቃል። ፈሳሹ ለጤና፣ በተለይም ለፅንስ፣ አደገኛ ስለሆነ እንፋሎቱ ወደ አየር አይለቀቅም፤ ተይዞና ቀዝቅዞ እንደገና ይሰበሰባል። እንጀራ የምትጋግር ሴት አሳምራ እንደምታውቀው፣ ወጪው ሊጡ ላይ ብቻ አይደለም፤ እሳቱም ይበላል። ዛሬ ብዙ የሚነገርለት ደረቅ አሠራር ይህን ምድጃ ከነፈሳሹ የሚያስቀር ነው። ዱቄቱ ከቴፍሎን ዱቄት ጋር ያለ ምንም ፈሳሽ ይታሻል፤ ቴፍሎኑም በመታሸቱ ወደ ቀጫጭን ክር ተለውጦ ዱቄቱን እንደ ሸረሪት ድር አያይዞ ይይዘዋል፤ ቀጥሎም ጥጥ በመዳመጫ እንደሚዳመጥ በከባድ የብረት ጥቅልሎች መካከል ተዳምጦ ስስ ንጣፍ ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ ቴስላ ይህን ዕውቀት የያዘውን ማክስዌል የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ገዝቶ፣ በዓመቱ ዘዴውን በአዲሱ ባትሪው ላይ እንደሚጠቀምበት አስታወቀ። ነገሩ እንደተነገረው ቀላል አልሆነም፤ በአሉታዊው (ማይነስ) ጎን ቀድሞ ሲሠራ፣ አዎንታዊው ጎን ተጨማሪ ዓመታት አስቸግሯል።

የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ምላጭ የተባለው ባትሪም አዲስ ማዕድን አይደለም። ብረትና ፎስፌት ያለበት፣ ኮባልት የሌለው፣ ከዚያ በፊት የታወቀ ባትሪ ነው። የተለወጠው ቅርጹና አደራደሩ ሲሆን፣ ረጃጅምና ስስ ባትሪዎች መሐል ላይ ሌላ ሣጥን ሳያስፈልጋቸው በቀጥታ በመኪናው የባትሪ ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። በሊትየም ፋንታ ሶዲየም የሚጠቀመው ባትሪም ተስፋ ከተጣለባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ለሊትየም በተተከለው ማሽን በትንሽ ለውጥ ሊመረት መቻሉ ነው።

ማዕድኑ አንድ ሆኖ አሠራሩ ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በዚያ ዓመት እሳት እያስነሣ ከገበያ የተሰበሰበው የሳምሰንግ ኖት 7 ስልክ ባትሪዎች የመጡት ከሁለት አምራቾች ነበር። ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት ይፋ ባደረገው ምርመራ የአንደኛው አምራች ባትሪ ጥጉ ላይ ተጣጥፎ፣ የሌላው ደግሞ ከብየዳ በተረፈ ሹል ብረት ተወግቶ ተገኝቷል። ጥፋቱ ከሊትየሙ አልነበረም።

አሁን ወደ ቢቸና ልመለስ። እዚህ በእጅ ባትሪና በአነስተኛ መብራት ውስጥ የሚገባው ባትሪ ስፋቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ነው። በዚህ መጠን ውስጥ የታወቁ አምራቾች አሟጠው የሚያስገቡት 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኤሌክትሪክ መለኪያ) አካባቢ ሲሆን፣ ገበያ ላይ ግን 9,900 የሚል የተጻፈበት ሞልቷል። ባለፈው ዐቢይ ጾም ከዲማ የመጣ አንድ የቅኔ ተማሪ ሌሊት ለቀጸላ ጥናት የሚያበራበትን ባትሪ «ገና በሁለተኛው ሳምንት ደከመብኝ» ብሎ አመጣልኝ። ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪ ስለሆነ በእርሱ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 31 ግራም መዘነ። ደኅና ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ግራም ብዙም አያንስም። ባዶ መሆኑን አረጋግጬ ቆርቆሮውን ስከፍተው ውስጡ አንድ ትንሽ ባትሪ፣ ዙሪያውን ደግሞ ነጭ ዱቄት ሆኖ አገኘሁት። ተማሪው ጥቂት ዝም ብሎ ካየው በኋላ «የኔታ፣ ይኼማ ሰም ብቻ ነው፤ ወርቅ የለውም» አለኝ። የኔታ መባሉ ባይገባኝም አነጋገሩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ድሮ የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው፣ አለዚያም በጥርሳችን እንነክሰው ነበር፤ ጉዳቱም ከጥቂት ሳንቲሞች አያልፍም ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሌላ ሆኗል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሰው የሚገዛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ከዚህ መኪና ዋጋ ደግሞ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው። መኪናውን የሚገዛው ሰው ግን ባትሪውን ለማወቅ ከዚያ የቅኔ ተማሪ የተሻለ መንገድ የለውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የሚመለከታቸው የጥራት መሥሪያ ቤቶች ወደ አገር ከሚገባው የባትሪ ጭነት ጥቂቱን እያነሡ ክብደቱን ይመዝኑ፤ ሞልተውም እስኪያልቅ ድረስ በመጠቀም የተጻፈበትን ያህል መያዙን ይፈትሹ። ይህ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ የዞን ቴክኒክ ኮሌጆች ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። እናንተም ስለ አዲስ ባትሪ ስትጽፉ ከምን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት፣ የትና መቼ እንደተመረተ አብራችሁ ጻፉልን። የምርት ቀን ያልተጻፈበት ባትሪ መደርደሪያ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ እኛ ጠጋኞች እንኳ አናውቅም።

የተማሪውን ባትሪ ከነዱቄቱ ሱቄ መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ እርሱን በእጁ ይመዝናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፀሐይ መብራት ጠጋኝ፣ ከቢቸና፣ ምሥራቅ ጎጃም