ለፊኛ መከታተያዎቻችን የሶላር ምርጫ

ሰላም ውድ አባላት፣

ለቀጣዩ ፊኛ መከታተያ (ፊኛው ተሸክሞት እየበረረ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ የሚልከው ትንሽ መሣሪያ) ባትሪ ይኑረው ወይስ በሶላር ብቻ ይሥራ በሚለው ላይ ሐሳቤን ልጻፍ። 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ይሆናል። የስልክ ዓይነት ባትሪ እዚያ ይለግማል። ለጥቂት ሰዓታት በረራ ቻርጅ የማይደረገው ሊትየም ባትሪ ይበቃል፤ የAA መጠን ያለው አንዱ 15 ግራም ገደማ ነው። ለሳምንታት ለሚንሳፈፍ ግን ሶላር ብቻ።

ምርጫዬ 52 በ19 ሚሊ ሜትር የሆኑት ስስ የሲሊከን ሴሎች ናቸው። እያንዳንዱ ግማሽ ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ስድስት ወይም ስምንቱን በተከታታይ መበየድ ነው። ታዲያ እንደ ድርቆሽ ስለሚሰበሩ ቀስ ብላችሁ ያዟቸው። ሌላው፣ ሲቀዘቅዙ ቮልቴጃቸው ይጨምራል፤ በአንድ ዲግሪ፣ በአንድ ሴል 2 ሚሊ ቮልት ያህል። ጠረጴዛ ላይ በደንብ የሠራ ሰርኪዩት ሰማይ ላይ ሲወጣ ሊቃጠል ይችላል።

ሴሎቹን ዝርግ አናድርጋቸው፤ ዘመም ካላሉ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ያመልጠናል።

ትልቁ ጣጣ ንጋት ነው። ባትሪ ስለሌለ ቮልቴጁ ከፀሐይዋ ጋር ቀስ እያለ ሲወጣ ማይክሮኮንትሮለሩ (መከታተያውን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር) በግማሽ ተነስቶ ደርቆ ይቀራል። በቂ ኃይል እስኪመጣ ሪሴት ላይ፣ ማለትም ሥራ ሳይጀምር፣ የሚያቆየው ቺፕ የግድ ነው። ሱፐርካፓሲተሩ (ጥቂት ኃይል ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅመው ክፍል) ላይ አልከራከርም፣ ክብደቱን ከቻልነው ይግባ።

ሴል ያላችሁ ለቀጣዩ ስብሰባ ይዛችሁ ኑ፤ እንመዝናቸዋለን።