ሌሊት አትንጂ

የኔ እናት፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ስኳሩም ልኩን ይዟል።

ትናንት ያ የጎረቤታችን ልጅ፣ የጅቡቲ መስመር የሚሠራው፣ ቡና ሊጠጣ ገብቶ ምን አለኝ መሰለሽ? «ጋሼ፣ ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልጅዎን በክፍያ መንገዱ አየኋት። ሞጆ ሳትደርስ መኪናዋን ዳር አቁማ መሪው ላይ ተደፍታ ተኝታለች።» ስኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለካ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ዳቦ ይዘሽ በሬን የምታንኳኪው እንዲህ ሆነሽ ነው! እኔ ደግሞ «ማልዳ ተነሥታ መጣችልኝ» እያልኩ እመርቅሻለሁ።

ሌሊት አትንጂ። ክለቡ ሲዘጋ ቤትሽ ገብተሽ ተኚ።

ሥራሽን አልነቀፍኩም። ዘመድ «ዘፋኝ ናት፣ ተዋናይ ናት ወይስ የናይት ክለብ ሰው?» እያለ ሲያደርቀኝ አስናቀች ወርቁን እጠራባቸዋለሁ። ክራር መታች፣ ዘፈነች፣ ቴአትር ሠራች፤ 2004 ላይ ስታርፍ የቷን ነው የቀበርነው? እላቸዋለሁ። (ድራማው ላይ ስታለቅሺ ግን ድምፅሽ ወደ ዘፈን ይሄዳል፤ አስቢበት።)

ብቻ ሌሊት አትንጂ። መድረክ ሰው እንዴት እንደሚይዝ አውቃለሁ።

በ1979 አንቺ የተወለድሽ ሌሊት ሆቴል ስጫወት ሰዓት እላፊ ዘጋብኝ ስልሽ ኖሬያለሁ። እውነቱ እንዲህ ነው። 5 ሰዓት ላይ «ምጥ ይዟታል» የሚል ልጅ ተልኮብኛል። ሽልማቱ ደርቶ ነበር፤ ብሩ ዘፋኙ ግንባር ላይ ይለጠፋል፣ እኛም ድርሻ አለን። ይቺን ዘፈን ልጨርስ አልኩ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። 6 ሰዓት ሲሞላ በሩ ተቀረቀረ፤ እስኪነጋ መውጫ የለም። ሳክስፎኔን ጭኔ ላይ አጋድሜ ነጋልኝ። ቤት ስደርስ ጎረቤት አዋልዷት፣ አንቺ በመድረክ ሸሚዜ ተጠቅልለሽ ተኝተሻል። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ቃል አልወጣትም። ሸሚዙን ሳታጥብ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አሁንም እዚያው ነው።

ዳቦው ይቅርብኝ፤ ቁርሴን ራሴ እሠራለሁ። የፊት የቀኝ ጎማሽ ልጧል፣ አስቀይሪው። ለሳክስፎኔ ሁለት ተኩል ቁጥር ሪድ፣ ያቺን አፉ ላይ የምትታሰረውን ሸምበቆ፣ ግዢልኝ፤ ያለችኝ ተሰንጥቃለች። እሁድ ምሳ 7 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት በሬ ላይ እንዳላይሽ።

ሌሊት አትንጂ።

አባትሽ፣ ከአዳማ