«ኤርቱግሩል» ወይስ «ኤርቱሩል»?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ኤርቱግሩል» እያላችሁ የምትጽፉት የቱርክ የወንድ ስም ይታረም። «ኤር» ወንድ፣ ጎበዝ ማለት ነው፤ ቀሪው በጥንቱ ቱርክኛ አዳኝ ወፍ፣ የጭልፊት ዓይነት። የኦቶማን ሥርወ መንግሥት መሥራች የኦስማን አባት የተጠራበት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በወጣው የላቲን ፊደል አናቷ ላይ ግማሽ ጨረቃ የተሸከመችው «ጂ» ዛሬ አትነበብም፤ ከፊቷ ያለውን አናባቢ ብቻ ታስረዝማለች። ስለዚህ «ኤርቱሩል»፣ «ቱ»ን ሳብ አድርጎ። እ.ኤ.አ. በ1055 ባግዳድ የገባውን የሰልጁቅ ቱርኮች ሱልጣን ቶግሪልን ግን አትንኩት፤ በእሱ ዘመን የ«ግ» ድምፅ ይነገር ነበር።

ችግሩ የሚብሰው ፒያሳ ባሉ የትርጉም ቤቶች ነው። የልደት ሰነዱ «ግ» ይዞ የጋብቻው ከጣለ፣ አንዱ ሰው ሁለት ይመስላል። መጀመሪያ የተመዘገበውን አጻጻፍ፣ ስህተትም ቢሆን፣ እስኪታረም ድረስ በሁሉም ሰነድ ላይ ይድገሙት።

ከፒያሳ