መልቲሜትር ስንገዛ ከዋጋው በፊት ፊውዙን እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሰሞን በአንባቢያን ዓምዳችሁ አንድ ጸሐፊ፣ ባለመኪና ሁሉ መልቲሜትር (ቮልትና አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ገዝቶ በመኪናው ውስጥ ቢያስቀምጥ ያለ ምክንያት ለባትሪና ለዲናሞ ከሚያወጣው ገንዘብ እንደሚድን መጻፋቸውን አንብቤ በሐሳባቸው ተስማምቻለሁ። ሆኖም የትኛው ዓይነት ይገዛ ለሚለው ጥያቄ «ውድ የሆነውና ብዙ የሚለካው» ከማለት ያለፈ መልስ ስላልሰጡ፣ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየሁ እንደ መሆኔ ጥቂት ልጨምር ወደድሁ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ የቀየሩ የቪትዝ ባለቤት ወደ እኔ መጥተው ነበር። መኪናቸው በየቀኑ ስትነዳ ደኅና ናት፤ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ከቆመች ግን ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ «ጠቅ» ብሎ ይቀራል። ባትሪው ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ዲናሞው 14.2 ቮልት ስላሳየኝ ሁለቱን ትቼ፣ ቆማ ሳለች ኤሌክትሪክ የሚጠጣባትን ነገር መፈለግ ያዝሁ። መኪናዋን ቆልፌ ግማሽ ሰዓት ያህል ከጠበቅሁ በኋላ ፊውዞቹን ሳልነቅል አንድ በአንድ ለካኋቸው። በእያንዳንዱ ፊውዝ አናት ላይ የመልቲሜትሩ ጫፍ የሚያርፍባቸው ሁለት ትናንሽ የብረት ነጥቦች አሉ፤ በእነሱ ላይ በሚሊቮልት ሲለካ ኤሌክትሪክ የማያልፍበት ፊውዝ ዜሮ፣ የሚያልፍበት ደግሞ ጥቂት ሚሊቮልት ያሳያል። አንዱ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ 3 ሚሊቮልት አሳየኝ፤ ይህም ወደ 0.4 አምፔር የሚጠጋ ሲሆን፣ ቆማ ያለች መኪና ግን ከ0.05 አምፔር በላይ ልትጠጣ አይገባትም። ጥፋተኛው ቁልፉ ተነቅሎም የማይጠፋ፣ በኋላ የተጨመረ የቴፕ አምፕሊፋየር ሆኖ ተገኘ። በ60 ሰዓት ውስጥ 24 አምፔር ሰዓት ይጠጣል ማለት ነው፤ የመኪናዋ ባትሪ አዲስ ሳለ እንኳ የሚይዘው 45 ነበር። ጥፋቱ የሁለቱ የተጣሉ ባትሪዎች አልነበረም።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ሥራውን የሠራልኝ በየሱቁ የሚሸጠው ርካሹ ትንሽ ሜትር ላይም የሚገኘው 200 ሚሊቮልት የሚለው ቦታ ስለሆነ ነው። ብዙ እጥፍ ዋጋ ከፍዬ የገዛሁት፣ መጠኑን በራሱ የሚመርጠው ሌላው መሣሪያ ግን ከባትሪ የሚወጣውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ (ዲሲ) በሚሊቮልት የሚለካበት ቦታ ስለሌለው እዚህ ላይ አልረዳኝም። ስለዚህ ገዢው በመሣሪያው መራጭ ቁልፍ ዙሪያ ያሉትን ምልክቶች ሳያነብ በዋጋው ብቻ ባይመራ መልካም ነው።

ርካሹ ሜትር የሚያስፈራኝ በሌላ በኩል ነው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አንድ ቀን አምፔር ከለካ በኋላ ቀዩን ሽቦ ከባለ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ሳይነቅል ረስቶት፣ የባትሪውን ቮልት ሊያይ ጫፎቹን በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አሳረፈ። መልቲሜትር በአምፔር ቀዳዳው በኩል ከተገናኘ ከአንድ ቁራጭ ሽቦ የማይለይ ስለሆነ፣ ልጁ ያደረገው ነገር ባትሪውን ኮንታክት ማድረግ ነበር፤ የሽቦው ፕላስቲክ በቅጽበት ቀልጦ ጣቶቹ ላይ ተጣበቀ። ከቀዳዳዋ ሥር ፊውዝ እንደሌላት የሚገልጽ ቃል በእንግሊዝኛ ታትሞ ነበር፤ በየቀኑ በእጃችን የምንይዘውን ዕቃ ግን ማናችንም አንብበነው አናውቅም። ከዚያ ወዲህ ሻጩ የጀርባ ክዳኑን ከፍቶ በአምፔሩ መስመር ላይ ያለውን ፊውዝ፣ ቢቻል ከመስታወት ይልቅ የሸክላ የሆነውን፣ ካላሳየኝ አልገዛም። ሻጮች ይህን ስጠይቅ ፊታቸውን ያጠቁሩብኛል፤ ይሁን።

ሽቦ ሳይነቀል አምፔር የሚለካውን ክላምፕ መግዛት የሚፈልጉ ሰዎችም የሚታለሉበት አንድ ነገር አለ። ሻጩ የቤት መስመር ላይ አድርጎ ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ ያሳያቸዋል፤ የቤት መስመር ግን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ተለዋዋጩን ብቻ የሚለካ ክላምፕ በመኪና ባትሪ ሽቦ ላይ ሲታሰር፣ ሞተሪኖው ከመቶ አምፔር በላይ እየጠጣ እንኳ ትክክለኛውን አያሳይም። ቀጥተኛውንም እንደሚለካ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጸሐፊው ባለ አምፖሉን መሞከሪያ «ያረጀ ዕቃ» ብለው ማጣጣላቸውን ግን አልቀበልም። ዲጂታል መልቲሜትር ከሽቦው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ኢምንት ስለሆነ፣ ውስጡ በዝገት ክፉኛ የተበላ ሽቦ እንኳ 12 ቮልት ሊያሳየው ይችላል፤ አምፖሉ ግን በዚያው ሽቦ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። መልቲሜትርን ብቻ የያዘ ሰው ይህን ድካም ለማየት መብራቱን አብርቶ፣ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በመብራቱ ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ኔጌቲቭ በሚመለስበት መስመር) ላይ አድርጎ መለካት አለበት፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካየ ማሳው መጽዳት ይኖርበታል። በአንጻሩ አምፖሉን ወደ ኮምፒውተሩና ወደ ኤርባጉ ሽቦዎች ማስጠጋት አደገኛ ነው።

በመጨረሻ ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች ወደ ሠፈር ጋራዥ መምጣት ጀምረዋል። ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪያቸውን በተለመደው መሣሪያ መለካት ይቻላል። በብርቱካናማ ሽቦ የሚሄደው ግን በአብዛኛው ከ300 እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ለዚያ በመሣሪያውም በሽቦዎቹም ላይ ካት 3፣ 1000 ቮልት የሚል የደኅንነት ደረጃ የተጻፈበት መልቲሜትር፣ ለዚሁ ቮልት የተሠራ ጓንትና ሥልጠና ያሻል። ደረጃውን በርካሽ ዕቃ ላይ ማተም ለማንም የማይከብድ በመሆኑም ጽሑፉን ብቻ ማመን አይበቃም። እኔ ሥልጠናውን ገና ስላልወሰድሁ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣብኝ ኮፈኑን ዘግቼ ደንበኛዬን ወደሚችሉት እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ