የታሪክና የጂኦግራፊ ክበብ፦ ከማሌዥያ ጋር የከረምንበት ዓመት

ክበባችን በየዓመቱ አንድ የውጭ አገር መርጦ ያጠናል። በ2017 ዓ.ም. ተራው የማሌዥያ ነበር። ገና በመጀመሪያው ስብሰባ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ “ማላዮች፣ ቻይናውያንና ሕንዶች በአንድ አገር እንዴት ተገናኙ?” ብላ ጠየቀች። የዓመቱን ሥራችንን የመራው ይህ ጥያቄ ነው።

መልሱን ከመሬቱ ጀመርን። አባላቱ በካርቶንና በተዘፈዘፈ ጋዜጣ ትልቅ የመሬት ገጽታ ሞዴል ሠሩ። ማሌዥያን የደቡብ ቻይና ባሕር ለሁለት ይከፍላታል፤ አንዱ ክፍል ከታይላንድ በታች ወደ ደቡብ የተዘረጋው ባሕረ ገብ ምድር ነው፤ ሳባህና ሳራዋክ ደግሞ በቦርኒዮ ደሴት ላይ ይገኛሉ። 4,095 ሜትር ከፍታ ያለውን የኪናባሉን ተራራ ሲሠሩ ከራስ ዳሽን ጋር ማወዳደራቸው አልቀረም። እኔ ግን ዓይናቸውን በባሕረ ገብ ምድሩና በሱማትራ ደሴት መካከል ወዳለው የማላካ ሰርጥ እንዲመልሱ ወተወትኳቸው፤ የአገሪቱን ታሪክ ያለዚያ ጠባብ የባሕር መንገድ መረዳት አይቻልም።

የጥንቱን ዘመን በአጭሩ ነው ያየነው። በሳራዋክ የኒያህ ዋሻ 40,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው የራስ ቅል ተገኝቷል። በኬዳ ግዛት ባለው የቡጃንግ ሸለቆ የብረት ማቅለጫዎችና የጥንት ቤተ መቅደሶች ፍርስራሽ አለ። ዪጂንግ የተባለው ቻይናዊ የቡድሃ መነኩሴም በ7ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሕንድ ሲጓዝ ኬዳ ላይ አርፏል።

ብዙ ጊዜ የወሰድነው በማላካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ ፓራሜስዋራ የተባለ፣ በሱማትራ ደሴት ያለችው የፓሌምባንግ ልዑል ይህችን ከተማ ቆረቆረ። ነገሥታቷ እስልምናን ተቀበሉ፤ ማላይኛም በአካባቢው ደሴቶች ሁሉ የንግድ መግባቢያ ሆነ። ከተማዋን ያሳደጋት ነፋስ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የቻይናን መርከቦች ያመጣል፤ ከሕንድ የመጣ ነጋዴም ወደ አገሩ ለመመለስ ይህንኑ ነፋስ መጠበቅ አለበት። ነጋዴዎቹ ወራት ስለሚቀመጡ መጋዘን ሠሩ፣ ቤት ተከራዩ፣ አገቡ፣ ወለዱ።

ለወላጆች ቀን አንድ መማሪያ ክፍል የማላካ ወደብ ሆነ። ሻህባንዳር የሚባሉት የወደብ ሹማምንት አራት ስለነበሩ አራት ጠረጴዛ ተዘጋጀ፦ አንዱ ለጉጃራት ነጋዴዎች ብቻ፣ አንዱ ለሌሎቹ ሕንዶች፣ ለቤንጋልና በዛሬዋ ምያንማር ለምትገኘው ለፔጉ፣ አንዱ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ላሉት ለጃቫና ለማሉኩ፣ አንዱ ለቻይናና ለአጎራባቾቿ። ወላጆች ነጋዴ ሆነው እየገቡ ቀረጥ ከፈሉ። በሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ከገበያ የተገዛ ቅርንፉድ በሰሃን ተቀምጦ ነበር። ለሻይ በየቤታችን የምንጠቀምበት ቅርንፉድ ጥንት የሚበቅለው በማሉኩ ደሴቶች ብቻ እንደነበር ሲሰሙ አንዲት እናት ፍሬውን አንስተው በመዳፋቸው እያገላበጡ ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1511 ማላካን ያዙ። ከዓመት በኋላ እዚያ የደረሰው መድኃኒት ቀማሚ ቶሜ ፒሬስ በወደቡ ብዙ ጊዜ 84 ቋንቋ ይነገር እንደነበር ጽፏል። የንባብ ቡድናችን ፒሬስ የጻፈውን የነጋዴዎች ዝርዝር ሲያነብ ከካይሮ፣ ከመካና ከኤደን ሰዎች ቀጥሎ፣ ከኪልዋና ከማሊንዲ ሰዎች በፊት ሐበሾችን አገኘ። ያን ዕለት ስብሰባው የተበተነው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን ሊዘጋ ሲመጣ ነው። በማግስቱም ዝርዝሩ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ተነበበ።

የተማሪዋ ጥያቄ ግን በወደቡ ብቻ አልተመለሰም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቻይናውያን ወደ ቆርቆሮ ማዕድን ጎረፉ፤ ኳላ ላምፑር ራሷ የማዕድን ቆፋሪዎች ሰፈር ነበረች። በብሪታኒያ አገዛዝ ዘመን ደግሞ ታሚሎች ለጎማ ተክል ሥራ ከደቡብ ሕንድ መጡ። ዛሬ ከዜጎቹ ከግማሽ በላይ ማላዮች ናቸው፤ ከ100 ሰዎች 23 ያህሉ የቻይና፣ ወደ 7 የሚጠጉት የሕንድ ዝርያ አላቸው። ኦራንግ አስሊ፣ ኢባንና ካዳዛን ዱሱን የሚባሉት ነባር ሕዝቦችም አሉ።

አንዳንድ አባላት ለግድግዳ መጽሔታችን ሁሉም ተቃቅፈው የሚስቁበትን ሥዕል ብቻ ሊለጥፉ ፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 በኳላ ላምፑር በማላዮችና በቻይናውያን መካከል የተነሣው ግጭትና እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ለማላዮችና ለነባር ሕዝቦች በትምህርትና በንግድ ቅድሚያ የሰጠው ፖሊሲ አብረው እንዲወጡ አሳሰብኩ። በፖሊሲው ላይ የተደረገው ክርክር የዓመቱ ምርጥ ስብሰባችን ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ወገን ካርታና አኃዝ ይዞ ቀረበ፤ አንዱም ሌላውን አላቋረጠም።

ሞዴሉ አሁን በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ቆሟል። ለሚቀጥለው ዓመት አባላቱ ከፒሬስ ዝርዝር ኪልዋንና ማሊንዲን ይዘው የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ መርጠዋል። ምዝገባው በጥቅምት ይጀመራል፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በብዛት እንዲመጡ እንፈልጋለን።